ባንኩ ቤቱን ለክቷል፤ ኪስዎን ማን ለካው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቤት ብድር

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከአዲስ አበባ ዳርቻ የመጡ ናቸው። ግንባታው ያለው እዚያ ነው፤ ብድሩና ጭንቀቱም እዚያው። በስሌቶቹ ውስጥ የገባው የወለድ መጠን ለማሳያ ነው፤ ከባንክ ባንክ ይለያያል። ሌላ ካልተባለ በቀር ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ እየታሰበ በየወሩ እኩል የሚከፈልበትን ስልት ይዘናል። የጠያቂዎችን ስም አላወጣንም።

ጥያቄ (ከሰሚት)፦ እኔና ባለቤቴ ደመወዝተኞች ነን። ግብርና ጡረታ ተቆርጦ ሁለታችን በወር 78,000 ብር እጃችን ይገባል። ወደ ለገጣፎ መውጫ ላይ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት አግኝተን ባንክ 3 ሚሊዮን ብር በ17 በመቶ ወለድ፣ በ20 ዓመት የሚከፈል ሊሰጠን ተስማምቷል። የብድር ኦፊሰሩ «ቢከብዳችሁ እንኳ በሁለት ዓመት ዋጋው እጥፍ ይሆናል፤ ሸጣችሁ ትገላገላላችሁ» አለን። ባንክ ከፈቀደ እንችለዋለን ማለት አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። ባንኩ «እሺ» ያለው ከሁሉ በፊት መያዣውን አይቶ ነው። መሃንዲሱ ሄዶ ቤቱን ገምቷል፣ ካርታው ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑ ተጣርቷል፣ ባትከፍሉ ሸጦ ገንዘቡን እንደሚያገኝ አረጋግጧል። ለእሱ ይህ ይበቃዋል። በአገራችን ብድር ከተበዳሪው ገቢ ይልቅ በመያዣ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ የቤት ዋጋ ሲንር ግምቱ ይነሳል፣ ግምቱ ሲነሳ የሚፈቀደውም ብድር አብሮ ይነሳል። ደመወዝ ግን ባለበት ነው። «ምን ያህል እንችላለን?» የሚለውን ጥያቄ ባንኩ እንደመለሰላችሁ አትቁጠሩት፤ ገና አልተጠየቀም።

እስቲ እኛ እንጠይቀው። 3 ሚሊዮን ብር በ17 በመቶ፣ በ20 ዓመት፣ በወር ወደ 44,000 ብር ይመጣል። ከ78,000 ብር ገቢያችሁ 56 በመቶው ማለት ነው። ለአስቤዛ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለታክሲና ለሕክምና የሚቀራችሁ 34,000 ብር ነው። የደመወዝተኛ ቤተሰብ የብድር ክፍያ ከተጣራ ገቢው አንድ ሦስተኛ ባያልፍ እንመክራለን፤ በእናንተ ሁኔታ 26,000 ብር። በዚሁ ወለድና ጊዜ 26,000 ብር የሚሸከመው ብድር 1,770,000 ብር ገደማ ነው። ባንኩ ከፈቀደላችሁ ጋር ያለው ልዩነት ከ1.2 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። ይህን በቁጠባ ወይም ያላችሁን ንብረት ሸጣችሁ ካልሞላችሁት፣ የመረጣችሁት ቤት ከአቅማችሁ በላይ ነው።

ኦፊሰሩ «ሸጣችሁ ትገላገላላችሁ» ያለውንም እንመልከተው። በመጀመሪያው ወር ከምትከፍሉት 44,000 ብር ውስጥ 42,500 ብሩ ወለድ ነው። ከዋናው ብድር የሚቀነሰው 1,500 ብር ብቻ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ወር ሳታዛንፉ 1,056,000 ብር ብትከፍሉ ቀሪው ዕዳችሁ 2,957,000 ብር ይሆናል። አምስት ዓመት ስትከፍሉ 2,640,000 ብር ከኪሳችሁ ወጥቶ ከዋናው የተቀነሰው 141,000 ብር ገደማ ነው። እንግዲህ ሸጦ መውጣት የሚያዋጣው የቤቱ ዋጋ ወለዱን፣ የደላላውንና የሽያጩን ወጪ ሁሉ አልፎ ከጨመረ ነው። ያ ደግሞ ባይሆን ኦፊሰሩ አብሯችሁ አይከፍልም።

ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት የሚከተሉትን በጽሑፍ ጠይቁ። መጀመሪያ በየወሩ ምን ያህል ለወለድ፣ ምን ያህል ለዋናው እንደሚሄድ የሚያሳይ የአከፋፈል ሰንጠረዥ። ቀጥሎ ወለዱ ቋሚ ነው ወይስ ተለዋዋጭ? አብዛኞቹ ውሎች ባንኩ ወለዱን ሊያሻሽል እንደሚችል የሚናገር አንቀጽ አላቸው። 17 በመቶው 20 በመቶ ቢሆን ክፍያችሁ ከ44,000 ወደ 51,000 ብር ያድጋል። የአገልግሎት ክፍያ፣ የግምት ክፍያ፣ በየዓመቱ የሚታደስ መድን፣ የዘገየ ክፍያ መቀጫ እና ቀድሞ ለመክፈል የሚጠየቅ ቅጣት ስንት እንደሆነም ይጻፍላችሁ። የብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ሸማቾች ጥበቃ መመሪያ እነዚህን ነገሮች ግልጽ አድርጎ የመንገር ግዴታ በባንኩ ላይ ጥሏል፤ ስትጠይቁ ውለታ እየለመናችሁ አይደለም።

«የእፎይታ ጊዜ» ሲባል ደስ አይበላችሁ። በዳርቻው የሚሸጡ አፓርትመንቶች ብዙዎቹ ፊኒሺንግ ሳያልቅ ስለሚረከቡ፣ ባንኩ «ለአንድ ዓመት አትከፍሉም» ሊላችሁ ይችላል። ወለዱ ግን አያርፍም። ያልተከፈለው ወለድ በየወሩ ከዋናው ጋር ከተደመረ 3 ሚሊዮኑ በዓመቱ መጨረሻ ከ3.5 ሚሊዮን ብር በላይ ሆኖ ይጠብቃችኋል። እፎይታው ወለዱን ብቻ እየከፈላችሁ ነው ወይስ ምንም ሳትከፍሉ? ለይታችሁ ጠይቁ።

ስለ ጊዜው ርዝመትም አንድ ነገር። ያንኑ ብድር በ10 ዓመት ብትከፍሉት ወርሃዊው 52,100 ብር ይሆናል። በወር 8,100 ብር በመጨመር ጠቅላላ ክፍያችሁ ከ10.6 ሚሊዮን ወደ 6.3 ሚሊዮን ብር ይወርዳል። ወለድ ከፍ ባለበት ገበያ ብድርን ማራዘም ወርሃዊውን ብዙ አያቀልም፤ ዓመታቱን ግን ይበላል።

ካልተዋጠላችሁ ፈተናው ቀላል ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ስድስት ወር ሙሉ፣ ደመወዝ በገባ ቀን፣ ከወርሃዊ ክፍያው ላይ የአሁኑን የቤት ኪራያችሁን ቀንሳችሁ ልዩነቱን በተለየ ሒሳብ አስቀምጡ። ኪራያችሁ 20,000 ብር ከሆነ በየወሩ 24,000 ብር ማለት ነው። በሦስተኛው ወር መበደር ከጀመራችሁ መልሱን አግኝታችኋል። ከተሳካላችሁ ደግሞ በእጃችሁ 144,000 ብር መጠባበቂያ ይዛችሁ ትገባላችሁ።

ጥያቄ (ከቦሌ አራብሳ)፦ በ20/80 ዕጣ የደረሰኝን ኮንዶሚኒየም አምስት ዓመት ሳይሞላው በውክልና ሸጥኩት። ገዢው ቀሪውን የባንክ ዕዳ በየወሩ እየከፈለ ሊቀጥል ተስማምተን ነበር። አሁን «ውዝፍ አለብዎት» የሚል ደብዳቤ በስሜ መጣ። ገዢው ስልክ አያነሳም። ዕዳው የማን ነው?

መልስ፦ የእርስዎ። ባንኩ የተዋዋለው ከእርስዎ ጋር ነው። እርስዎና ገዢው በመካከላችሁ የጻፋችሁት ወረቀት ባንኩን አያስገድደውም፤ ዕዳ ወደ ሌላ ሰው የሚተላለፈው አበዳሪው ሲስማማ ብቻ ነውና። ቤቱ በእጅዎ የለም፣ ዕዳው ግን በስምዎ ነው። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይህ ነው።

መጀመሪያ ወደ ቅርንጫፉ ሄደው የሒሳብ መግለጫ ያውጡ። ውዝፉ ስንት ወር እንደሆነ፣ ዋናው፣ ወለዱና መቀጫው ተለያይቶ ይታይልዎት። ሦስት ወር ካልሞላ ገዢውን እየፈለጉ እንኳ ቢሆን ውዝፉን ራስዎ ይክፈሉ። 90 ቀን ያለፈ ብድር በብሔራዊ ባንክ ደንብ «የማይሠራ ብድር» ተብሎ ይመደባል፤ ስምዎም በብድር መረጃ ማዕከሉ ውስጥ በዚያው ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ የትኛውም ባንክ ሲበደሩ ይህን ያያል። የከፈሉበትን ደረሰኝ ሁሉ ያስቀምጡ፤ ከገዢው የሚጠይቁት በእሱ ነው። ለገዢውም ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይላኩለት። ስልክ ያላነሳ ሰው ደብዳቤ ሲደርሰው ብዙ ጊዜ ይመጣል።

ውክልናውን መሻር በሕግ ይቻላል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ወካይ በፈለገው ጊዜ መሻር ይችላል፣ «አልሽርም» ተብሎ ቢጻፍም እንኳ። ነገር ግን የተቀበሉትን ገንዘብ ሳይመልሱ ውክልና ሽሮ ቤቱን ልውሰድ ማለት ሌላ ክስ መጥራት ነው፤ ያለ ጠበቃ አይሞክሩት።

ይህን የሚያነቡ ገዢዎችም ይስሙ። በውክልና የተገዛ ኮንዶሚኒየም ሻጩ በሞተ ዕለት ውክልናው ያበቃል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በውልና ማስረጃ ወይም በፍርድ ቤት መመዝገብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ያዛል። «ሦስት ምስክር ፈርሞበታል» የሚባለው ወረቀት ይህን አይተካም። ወርሃዊውን ለሻጩ በጥሬ ገንዘብ አትስጡ፤ በብድሩ ሒሳብ ቁጥር በቀጥታ አስገቡና ደረሰኙን ያዙ።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ ደመወዜ ለብድሩ ስለማይበቃ ደላላው «ከፍ ያለ ደመወዝ የሚያሳይ ደብዳቤ ላሠራልህ፤ ባንኩም ያውቃል፣ ዝም ይላል» አለኝ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ሐሰተኛ ማስረጃ ማቅረብ ወንጀል ነው፤ ደብዳቤውን ያዘጋጀው ደላላው ቢሆንም ለባንኩ አቅርበው የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ወንጀሉን ብንተወው እንኳ፣ ደብዳቤው ደመወዝዎን አይጨምረውም፤ ዕዳዎን ብቻ ነው የሚጨምረው። ባንኩ ውስጥ የሚያውቅ ሰው ካለ ያ ሰው የቅርንጫፉን የብድር ዕቅድ ሞልቶ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ሊዛወር ይችላል። እርስዎ ግን 20 ዓመት እዚያው ነዎት።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ ታናሽ ወንድሜ ለሪል እስቴት ቅድመ ክፍያ ገንዘብ ሊበደር ነው። መያዣው አባታችን የሚኖሩበት ቤት ነው። እናታችን ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። አባባ «ልጄ ነው፣ ምን አለበት» ብለው ተስማምተዋል። እኔን ደግሞ ዋስ ሁን ብሎኛል። እንቢ ብል ቤተሰብ ይጣላል፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ስላሉ አንድ በአንድ እንያቸው።

ቤቱ የማን ነው? አባትና እናታችሁ በጋብቻ ላይ ያፈሩት ከሆነ ግማሹ የእናታችሁ ነበር፤ እሳቸው ሲያርፉ ደግሞ ለወራሾቻቸው ተላልፏል። ካርታው በአባባ ስም ብቻ መሆኑ ይህን አይቀይረውም። የወራሽነት ማስረጃ ሳይወጣና ወራሾች ሁሉ ሳይስማሙ ቤቱን በመያዣ መስጠት ለነገ ክርክር መዝራት ነው። ጠንቃቃ ባንክ ይህን ራሱ ይጠይቃል፤ ካልጠየቀ ግን እናንተ አንሱት። አባባ ሌላ ትዳር ካላቸው ደግሞ የባለቤታቸው ፈቃድ ሊያስፈልግ ይችላል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረትን መሸጥም ሆነ በመያዣ መስጠት ከባልና ሚስት አንዱ ብቻውን የሚያደርገው አይደለም።

ሁለተኛው ብድሩ የሚውልበት ጉዳይ ነው። ወንድምዎ የሚገዛው ገና ያልተሠራ ቤት ነው። ቢዘገይ ወይም ቢቀር የሚታየው ነገር አባባ የሚኖሩበት ቤት ይሸጣል፣ በምትኩ ግን የሚገቡበት ቤት የለም። ባልተሠራ ቤት ተስፋ የተሠራ ቤት መያዝ ከቤት ብድር ሁሉ የከፋው ነው ብለን እናምናለን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት እንዲህ ያለው ነው። ወንድምዎ የግድ ከተበደረ፣ በራሱ ደመወዝና በሚገዛው ቤት መያዣነት ይሁን፤ ቤቱ ለመያዣ የሚሆንበት ደረጃ ላይ አልደረሰም ከተባለም ያ ራሱ ስለ ቤቱ ይነግራችኋል።

ሦስተኛው የእርስዎ ዋስትና ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1725 እና 1922 ዋስትና በግልጽ፣ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠንም እንዲጻፍ ያዛል፤ መጠኑ ያልተጻፈበት ዋስትና ዋጋ የለውም። ሲፈርሙ ቁጥሩ ከአቅምዎ ጋር ይሂድ። «የአንድነትና የማይነጣጠል ዋስ» የሚል ሐረግ ካለ ደግሞ ባንኩ ወንድምዎን ሳይከስ በቀጥታ እርስዎን ሊጠይቅ ይችላል። ይህን ሐረግ የባንኮች ቅጽ ላይ በብዛት ያገኙታል። ባለትዳር ከሆኑ በዚያው አንቀጽ 68 መሠረት ከ500 ብር በላይ ለሆነ ብድር ዋስ ለመሆንም የትዳር ጓደኛዎ ስምምነት ያስፈልጋል።

ለቤተሰብ ሰላም ሲባል፦ እንቢታውን ብቻዎን አይሸከሙት። ወንድምዎን፣ አባባንና የቀሩትን ወራሾች አስቀምጠው ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች በወረቀት ያሳዩ። ከዚያ ዋስ ከመሆን ይልቅ የማይመለስ ቢሆንም የማይጎዳዎትን ያህል ገንዘብ ለወንድምዎ ይስጡት። ብዙ ቤተሰብ ይህን ይቀበላል።

ጥያቄ (ከአያት)፦ ሥራዬ ተቀዛቅዞ አራት ወር አልከፈልኩም። ከባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። «ፍርድ ቤት ሄደህ አሳግደው» የሚሉኝ አሉ። ቤቱን ማዳን ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን ቀኑን ከዛሬ ይቁጠሩ። በባንክ በመያዣ ስለተያዘ ንብረት የወጣው አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ከ30 ቀን ያላነሰ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ንብረቱን በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። አዋጁ ለተበዳሪው የሰጠው መፍትሔ ባንኩ ሥርዓቱን ጥሶ ሸጦ ጉዳት ካደረሰ ካሳ መጠየቅ ነው። እግድ አወጣለሁ ብለው ሠላሳውን ቀን አያሳልፉ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ነገር ያድርጉ። ባንኩ የጠየቀው ገንዘብ በዝርዝር ይሰጥዎት፦ ያልተከፈለ ዋና፣ ወለድ፣ መቀጫ፣ የጠበቃና የማስታወቂያ ወጪ። ስህተት ካለ በጽሑፍ ይቃወሙ። ከዚያ የመክፈያ ውል እንዲሻሻል ማመልከቻ ያስገቡ፤ ከማመልከቻው ጋር ገቢዎ ለምን እንደቀነሰና ከመቼ ጀምሮ እንደሚመለስ የሚያሳይ ማስረጃ ያያይዙ። ማመልከቻው ገቢ የሆነበት ቁጥርና ማኅተም ያለበት ቅጂ እጅዎ ላይ ይቅር። በቃል «አይዞህ» መባልን አይመኑ። ኦፊሰሩ ቅን ሰው ቢሆንም ሐራጁን የሚያወጣው ሌላ ክፍል ነው።

ሲደራደሩ የሚጠይቁትን ይወቁ። ብዙ ሰው «ጊዜው ይራዘምልኝ» ብሎ ይጠይቃል፤ ባንኩም ደስ እያለው ይፈቅዳል። በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ያለውን ብድር እንውሰድ፦ አምስት ዓመት የተከፈለበት፣ 2,859,000 ብር የቀረው፣ 15 ዓመት የሚቀረው። ጊዜውን እንደገና ወደ 20 ዓመት ብንስበው ወርሃዊው ከ44,000 ወደ 42,000 ብር ብቻ ይወርዳል። በሁለት ሺህ ብር እፎይታ አምስት ዓመት ዕዳ ገዙ ማለት ነው። በአንጻሩ መኪና ሸጠውም ሆነ ዕቁብ ደርሶዎት 500,000 ብር ከዋናው ላይ ቢቀንሱና ወርሃዊው እንዲስተካከል ቢጠይቁ ክፍያው በ7,700 ብር ገደማ ይወርዳል። ይህን ሲያደርጉ «ለዋናው ብድር መቀነሻ» ብለው በጽሑፍ ያሳስቡ፤ ካልሆነ ገንዘቡ ለመቀጫና ለቀጣይ ወራት ወለድ ይያዝና ዋናው ሳይነካ ይቀራል። ጥሬ ገንዘብ ከሌለዎት ለጥቂት ወራት ወለዱን ብቻ መክፈልን ይጠይቁ።

ገቢው በቅርብ የማይመለስ ከሆነ ራስዎ ይሽጡት። እዚህ ላይ ሰው እልህ ይይዘዋል፣ ጎረቤት ምን ይላል ይላል፤ ልዩነቱ ግን ከእልህ በላይ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ገዢ ያገኛሉ፤ እርስዎና ገዢው ባንኩ ዘንድ ትቀርባላችሁ፤ ገዢው የዕዳውን ያህል በቀጥታ በብድሩ ሒሳብ ያስገባል፤ ባንኩ ካርታውንና ለመሬት አስተዳደር የሚጻፈውን የእገዳ ማንሻ ደብዳቤ ይሰጣል፤ ከዚያ ሽያጩ በውልና ማስረጃ ይፈረማል፣ የስም ዝውውሩ ይቀጥላል፤ ቀሪው ገንዘብ የእርስዎ ነው። ገዢው «መጀመሪያ ካርታውን ላየው» ማለቱ አይቀርም፤ ባንኩ ካርታው በእጁ መሆኑንና ዕዳው ስንት እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲጽፍልዎት ይጠይቁ፣ ገዢው የሚረጋጋው በዚያ ነው። ቀብድ ሲቀበሉ ይጠንቀቁ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የተቀበለ ወገን ውሉን ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። ባንኩ በጽሑፍ ሳይስማማ ቀብድ አይያዙ።

ሐራጁ ከደረሰ፣ የመነሻ ዋጋው የተገመተው መቼ እንደሆነ ያጣሩ። ዋጋ በሚሮጥበት ሰፈር የሁለት ዓመት ግምት የተቃጠለ ግምት ነው፤ አዲስ እንዲሠራ በጽሑፍ ይጠይቁ። ከዕዳው የተረፈ ካለ ለእርስዎ ይመለሳል። ሽያጩ ዕዳውን ካልሸፈነ ግን ቀሪውን ይጠየቃሉ፤ ቤቱ መሄዱ ዕዳውን አይዘጋውም። ተጫራች ከጠፋ ባንኩ ራሱ ቤቱን እንዲረከብ ሕጉ መንገድ ከፍቶለታል።

ጥያቄ (ከለቡ)፦ አሜሪካ የሚኖር አጎቴ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤቱን በባንክ ተነጥቋል። «እናንተም ጋ የሚመጣው እሱ ነው፣ ጥፋቱም የባንኮች ነው» ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አጎትዎ ያዩትን አይተዋል፤ ግን የእዚያና የእዚህ አካሄድ አንድ አይደለም። በእነሱ አገር አበዳሪዎች ገቢ ሳያጣሩ፣ አንዳንዴም ማስረጃ ሳይጠይቁ አበደሩ። በሰፊው የተሸጠ አንድ የብድር ዓይነት ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ዝቅተኛ ወለድ ነበረው፤ ለቀሩት 28 ዓመታት ደግሞ ከገበያው ጋር የሚወጣ ወለድ። ተበዳሪው ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ ቤቱ ስለሚወደድ አዲስ ብድር እወስዳለሁ ብሎ ገባ። አበዳሪው ብድሩን በመጽሐፉ ላይ አላቆየውም፤ ለዎል ስትሪት (ለኒው ዮርክ ትልልቅ የገንዘብ ተቋማት) ሸጠው፣ እነሱ ከሺዎች ሌሎች ብድሮች ጋር ጠቅልለው ለባለሀብቶች ሸጡት። አስፈራሚው ኮሚሽኑን ይዞ ሄደ፣ ኪሳራው ሌላ ሰው ላይ ወደቀ። የቤት ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ2006 በኋላ ሲወርድ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተያያዘ፤ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 2008 ሌማን ብራዘርስ የተባለው ግዙፍ የኢንቨስትመንት ባንክ ከሰረ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአሜሪካ የዶድ-ፍራንክ ሕግ አበዳሪ የተበዳሪውን የመክፈል አቅም ማጣራት ግዴታው እንዲሆን አደረገ፤ ዝርዝር ደንቡ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2014 ሥራ ላይ ዋለ። ጥፋቱ የማን ነው ብለው ከጠየቁን፣ ትልቁ ድርሻ የአበዳሪው ነው እንላለን፤ ስንቱ እንደማይከፍል የሚያሳየው መዝገብ በእጁ ነበርና።

እኛ ጋ ባንኩ ያበደረውን ይዞ ይቀመጣል፤ የቤት ብድሩም ገና ትንሽ ነው። ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ በ2008 ዓ.ም. ከንግድ ባንክ ጋር ከተዋሐደ በኋላ ጎህ ቤቶች ባንክ እስኪመጣ ድረስ በቤት ብድር ላይ የቆመ ባንክ አልነበረንም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ፤ በኋላ ቢላላም ባንኮች እጃቸውን ሰብስበው ቆይተዋል። ስለዚህ የእኛ የቤት ዋጋ የተነፋው በባንክ ብድር ብቻ አይደለም፤ በቅድመ ክፍያ ጭምር ነው። ገዢው ለአልሚው (ለሪል እስቴት ገንቢው) ቀስ በቀስ ይከፍላል፣ አልሚው በዚያ ገንዘብ ይገነባል። ባንክ ቢሆን ቢያንስ መያዣ ይጠይቅ ነበር፤ ገዢው ግን ያለ መያዣ አበዳሪ ሆኗል።

ዋጋው በዶላር የተተመነ ውል ደግሞ ተለዋዋጭ ወለድ ካለው ብድር አይሻልም። የምንዛሪ ሥርዓቱ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲለወጥ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ከዚያ በኋላ 120 ብርን አልፏል። 60,000 ዶላር ተብሎ የተፈረመ ቤት 3,420,000 ብር መስሎ ገብቶ ከ7,200,000 ብር በላይ ሆነ። በብር ደመወዝ የሚኖር ሰው እንዲህ ያለ ውል ከፈረመ ቀሪው ክፍያ በብር ጣሪያ ይበጅለት፤ አልሚው እንቢ ካለ ሌላ ቤት ይፈልግ።

ጥያቄ (ከገላን)፦ ለፊኒሺንግ 500,000 ብር ፈለግኩ። አንድ የብድር ተቋም «12 በመቶ፣ ሦስት ዓመት» አለኝ፤ ከባንኩ 17 በመቶ ይረክሳል። አንድ ግለሰብ ደግሞ በወር 5 በመቶ ሊያበድረኝ ነው። የትኛው?

መልስ፦ ተቋሙን «12 በመቶው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ በመጀመሪያው ገንዘብ ላይ?» ብለው ይጠይቁ። በመጀመሪያው ገንዘብ ላይ ከሆነ በየዓመቱ 60,000፣ በሦስት ዓመት 180,000 ብር ወለድ ይከፍላሉ፤ ወርሃዊው 18,900 ብር ነው። ይህ በባንኩ ስልት ሲታሰብ ወደ 21 በመቶ ይመጣል። ባንኩ 17 በመቶውን በቀሪው ዕዳ ላይ የሚያስብ ከሆነ የሚረክሰው ባንኩ ነው።

የግለሰቡን ይተዉት። በወር 5 በመቶ በዓመት 60 በመቶ ነው፤ ፍትሐ ብሔር ሕጉ በግለሰቦች ብድር ላይ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ አይፈቅድም። አራጣ በወንጀልም ያስጠይቃል። እንዲህ ያሉ አበዳሪዎች ወለዱን በውሉ ላይ አይጽፉትም፤ 500,000 ሰጥተው 800,000 ብር እንደተበደሩ ያስፈርሙዎታል፣ አንዳንዴም የብድሩን ውል በቤት ሽያጭ ውል መልክ ያዘጋጁታል። ይዘውልዎት የመጡት ወረቀት ላይ የቤት ቁጥርዎና የካርታ ቁጥርዎ ካለ ብዕሩን አስቀምጠው ይነሱ።